ምጣዱ አልደከመም፤ ሬዚስታንሱን አያስቆርጡ

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪክ ምጣዴ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንጀራው ዐይን አላወጣ አለኝ፤ ለመብሰልም ይዘገያል። ልጄ ኮሌጅ ኤሌክትሪሲቲ ስለሚማር መለኪያ አምጥቶ ለካው። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ ላይ 216 ቮልት አገኘ። ተሰክቶ ሲሠራ ደግሞ 14 አምፔር ይስባል። 216ን ለ14 ሲያካፍለው 15.4 ኦም መጣ። ከ3500 ዋቱ ተነስቶ ሲያሰላው ግን 13.8 ኦም መሆን ነበረበት። ሠራተኛ ብንጠራ ‹ሬዚስታንሱ ደክሟል፣ ትንሽ ቆርጠን ብናሳጥረው ይግላል› አለን። ቮልቴጅ ሲወርድ ምጣዱ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቆጣሪው ይሮጣል ብሎም አስፈራን። እናስቆርጠው? ወይስ ስታቢላይዘር እንግዛ?»

ምላሽ፦

አያስቆርጡ። ስታቢላይዘርም አይግዙ። ምጣዱ ደህና ነው። የተበላሸው ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ያለው መስመር ነው። እሱ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። ይህን ያወቅኩት ከራሳችሁ ቁጥሮች ነው፤ እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ዘንድ «ሬዚስታንስ» የሚባሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከሱቅ የምንገዛው፣ ከሸክላው ሥር በተቆፈረለት ቦይ ውስጥ የሚዘረጋው ጥምዝ ሽቦ ነው። ሌላው በኦም የሚለካው፣ ሽቦው ከረንቱን የሚቃወምበት መጠን ነው። ሠራተኛው ደከመ ያለው ሽቦውን ነው። ልጅዎ ያሰላው ኦሙን ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ሲያወሩ የተግባቡ መሰላቸው፤ ግን አልተግባቡም። እኔ ከዚህ በኋላ ሽቦውን «ሽቦ»፣ ኦሙን «ተቃውሞ» እለዋለሁ።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ቮልቴጁን ለከረንቱ ካካፈሉት ተቃውሞውን ያገኛሉ። ቮልቴጁን በከረንቱ ካባዙት ዋቱን ያገኛሉ። ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1827 ካሳተመው ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም። ልጅዎ ማካፈሉ ላይ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የትኛውን ቮልቴጅ እንደሚያካፍል ላይ ነው። ቮልቴጁና ከረንቱ በአንድ ጊዜ፣ በዚያው ዕቃ ላይ የተለኩ መሆን አለባቸው። 216ን የለካው ምጣዱ ተነቅሎ ሳለ ነው። 14ን የለካው ምጣዱ እየሠራ ነው። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ቁጥሮች ናቸው። ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ያለው ግፊትና ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ያለው ግፊት አንድ እንዳልሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ መልስ ከመጻፌ በፊት ልጅዎ ጥቂት ነገር እንዲጨምርልኝ ጠየቅኩት። ምጣዱ እየሠራ፣ ከጎኑ ባለው ሶኬት ላይ ሲለካ ያገኘው 188 ቮልት ነው። ምጣዱ ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በመልቲሜትር ሲለካው ደግሞ 13.0 ኦም አገኘ። አሁን 188ን ለ14 ያካፍሉት፤ 13.4 ኦም ይመጣል። ምጣዱ ላይ ከተጻፈው የሚወጣው 13.8 ነው። ይህን ያህል ልዩነት ከፋብሪካ ሲወጣም ይኖራል። ከ13.0 ወደ 13.4 ከፍ ማለቱም በሽታ አይደለም፤ የምጣድ ሽቦ ሲግል ተቃውሞው በጥቂት በመቶ ይጨምራል። (በድሮው ባለ ክር አምፖል ቢሆን ግን ቀዝቃዛው ልኬት ጨርሶ ያሳስታችሁ ነበር። 100 ዋት አምፖል በርቶ ተቃውሞው 484 ኦም ነው። ቀዝቅዞ ሲለካ ከዚያ አንድ አሥረኛውንም ላያሳይ ይችላል።) የደከመ ሽቦ በዝገት እየሳሳ ስለሚሄድ ተቃውሞው ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል። የእርስዎ ከፍ አላለም። 15.4 የሚባል ኦም ምጣድዎ ውስጥ የለም።

እንጀራው ታዲያ ለምን ዐይን አላወጣም? 188ን በ14 ያባዙት። 2632 ዋት ነው። 3500 ዋት የተባለው ምጣድ የሚሠራው ከአራት እጅ በሦስቱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሊጡ ሲፈስበት ሸክላው ይቀዘቅዛል፤ ዐይኑ እንዲወጣ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ መመለስ አለበት። በዚህ ኃይል ሙቀቱ ለመመለስ ይዘገያል። አክንባሎውን ከፍተው ሲያዩት ነጣ ብሎ የተኛ እንጀራ ያገኛሉ። ችግሩ የአብሲቱም የእርሾውም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 188 ሲወርድ የጎደለው 15 በመቶ አይሞላም። ሙቀቱ ግን ይኸው ባለ 13.4 ኦም ምጣድ በ220 ቮልት ከሚሰጠው 27 በመቶ ነው የጎደለው። ምክንያቱም ቮልቴጁ ሲቀንስ ከረንቱም አብሮት ይቀንሳል፤ ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። ሁለት ጊዜ ይጎድላል።

ይህ ሠራተኛው «ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት ይጨምራል» ላለውም መልስ ነው። ለምጣድ፣ ለካውያና ለውሃ ማሞቂያ ሐሰት ነው። ምጣድዎ በ220 ቮልት 16.4 አምፔር (220 ለ13.4 ሲካፈል) ይስብ ነበር፤ አሁን የሚስበው 14 ነው። አባባሉ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። የውሃ ፓምፕና የፍሪጅ ሞተር ቮልቴጅ ሲወርድባቸው ያንኑ ሥራ ለመሥራት ሲታገሉ ከረንት ሊጨምሩና ሊቃጠሉ ይችላሉ። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተርም የሚፈልጉትን ዋት ለማግኘት ከረንቱን ከፍ ያደርጋሉ። ሠራተኛው ለሞተር የሚሠራውን ሕግ ምጣድ ላይ አምጥቶ ለጠፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። 216 ቮልት የነበረው ምጣዱ ሲሰካ 188 ሆነ። 28 ቮልት የሆነ ቦታ ቀረ። ቮልቴጅ ዝም ብሎ አይጠፋም። ከረንት የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ተቃውሞ ካለው ቮልቴጅ እዚያ ይወርዳል፤ የወረደውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 28ን ለ14 ብናካፍል 2 ኦም ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ሶኬቱ ድረስ 2 ኦም ተቃውሞ አለ ማለት ነው። ይህ ለቤት መስመር በጣም ብዙ ነው።

የት እንዳለ ለማወቅ ልጅዎ ብሬከሩ ጋ ሄዶ እንዲለካ አደረግኩ። ምጣዱ እየሠራ እዚያ 210 ቮልት አለ። ከውጭ የሚመጣው መስመር የወሰደው 6 ቮልት ብቻ ነው። ቀሪው 22 ቮልት የቀረው ቤት ውስጥ ነው። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቦው ባለ 1.5 ነው፤ ቁጥሩ የውፍረቱ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ለሄደውና ለተመለሰው 40 ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሆናል። የዚያ ተቃውሞ 0.46 ኦም ያህል ነው፤ በ14 አምፔር ከ6 ቮልት ትንሽ በለጥ ያለ ይወስዳል። ይህም ከ22ቱ ላይ ሲነሳ ወደ 15.6 ቮልት ይተርፋል። ሽቦው ሊወስደው የማይችል 15.6 ቮልት ነው።

እንዲህ ያለ ትርፍ ሲያጋጥመኝ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ የላላ መገጣጠሚያ። 15.6ን በ14 ያባዙት። 218 ዋት! ራዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥባት ብረት 40 ወይም 60 ዋት ናት። የእርስዎ 218 ዋት አውራ ጣት በምታክል የሶኬት ብሎን ሥር ተቀምጦ ፕላስቲክ እየጠበሰ ነው። «ሶኬቱን ነቅላችሁ እዩት፣ የጠቆረ ነገር አለ?» ብዬ ብጠይቅ የመጣልኝ መልስ ይህ ነበር፦ የሶኬቱ አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል፣ የመሰኪያው አንዱ እግር ጠቁሯል፣ በጋገሩ ቁጥር የላስቲክ ሽታ አለ። ሽታውን በጥያቄው ውስጥ አልጻፉትም ነበር። የምጣዱ ሽታ መስሏችሁ ነበር። ለእኔ ግን ከሁሉም ቁጥር በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የቤት ቃጠሎ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ብሬከሩም አያድናችሁም፤ ብሬከር የሚያየው ከረንት ነው፣ ከረንቱ ደግሞ ከወትሮው ያነሰ ነው።

አሁን የቀረቡልዎትን ሁለት ሐሳቦች በዚህ ዐይን እንያቸው። ሽቦው ተቆርጦ ተቃውሞው ወደ 10 ኦም ቢወርድ ከረንቱ ወደ 18 አምፔር ይወጣል። ምጣዱም እውነት ነው ይግላል፤ 3240 ዋት ያገኛል። ሠራተኛው ጎበዝ ይባላል። የመገጣጠሚያው ሙቀት ግን ከ218 ወደ 360 ዋት ይዘላል፤ ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ነውና የሚጨምረው። ሽቦውም ባጠረ ቁጥር ብዙ ሙቀት በትንሽ ርዝመት ስለሚሸከም ቶሎ ይቃጠላል። ሰፈሩ ሲተኛና ቮልቴጁ ከፍ ሲል ደግሞ ይብስበታል።

ስታቢላይዘሩ ከዚህም የከፋ ነው። ለምጣዱ 220 ቮልት ለመስጠት እሱ ራሱ በዚያው በተበላሸ ሶኬት በኩል ከ20 አምፔር በላይ መሳብ አለበት። መገጣጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ 475 ዋት ይጠጋል። ብዙ ብር አውጥተው እሳቱን በእጥፍ ያበዙታል ማለት ነው።

የቆጣሪውን ነገር በአጭሩ ልንገርዎት። ቆጣሪው ከብሬከሩ አጠገብ ስለሆነ የሚቆጥረው እዚያ ያለውን 210 ቮልት በ14 አምፔር ነው፤ 2940 ዋት ይሆናል። ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 2632 ነው። መካከሉ ላይ የቀረውን 308 ዋትም ይከፍሉበታል። ለምጣዱ ከሚከፍሉት ከያንዳንዱ 100 ብር 10 ብሩ የሚሄደው ሽቦና ሶኬት ለማሞቅ ነው። በዚያ ላይ መጋገሩ ሲረዝም ሸክላው ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀትም ይበዛል። ቆጣሪው ሮጠ የተባለው በዚህ በኩል ከሆነ እውነትነት አለው፤ ምክንያቱ ግን ሠራተኛው ያለው አይደለም።

እኔ የምመክርዎት ይህን ነው። ዛሬ ምጣዱን ነቅለው ያንን ሶኬት መጠቀም ያቁሙ። ለጥቂት ቀን እንጀራ ከውጭ ቢገዛ ይሻላል። ከዚያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከብሬከሩ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን አዲስ መስመር ያስዘርጉ። ሽቦው ባለ 4 የመዳብ ይሁን፤ ሦስተኛው የግራውንድ ሽቦ አይቅር። ብሬከሩ 20 አምፔር ይሁን። ሶኬቱና መሰኪያው ተራው የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን 32 አምፔር የሚችለው የኢንዱስትሪ ዓይነት ቢሆን ደስ ይለኛል። 16 አምፔር የሚለው ሶኬት ለአጭር ጊዜ ይችላል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚበላ እንጀራ ሲጋገር ግን ሁለት ሰዓት በዳርቻው ላይ ይቆያል። የእርስዎም የተበላሸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ቆመው ይዩ። አንድ ያልጠበቀ ብሎን ያን ሁሉ ሽቦ ከንቱ ያደርገዋል። አልሙኒየም ሽቦን ከመዳብ ጋር ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልን አይቀበሉ፤ ያ መገጣጠሚያ በወራት ውስጥ ይላላል።

ሠራተኛው «አሮጌው ሽቦ ይበቃል፣ ብሬከሩን ብቻ ወደ 32 ልቀይርልዎ» ካለዎት እምቢ ይበሉ። ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው ውፍረት ነው። ባለ 1.5 ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ማድረግ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት መተው ነው።

ለልጅዎም ስለ መለካቱ ጥቂት ልበል፤ በጥሩ መንገድ ላይ ስለሆነ። ክላምፕ ሜትሩ፣ ማለትም ሽቦውን ከውጭ ከብቦ ከረንት የሚለካው መሣሪያ፣ መክበብ ያለበት አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከከበበ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋና ዜሮ ያሳያል። ኦም የሚለካው ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ ነው። መልቲሜትሩ አምፔር ላይ እያለ፣ ገመዱም በአምፔሩ ቀዳዳ ተሰክቶ ሳለ፣ ጫፎቹን ሶኬት ውስጥ ማስገባት ሾርት ነው፤ እጅ ላይ ይፈነዳል። ብሬከሩ ጋ ሆኖ መለካትን ደግሞ ከእንግዲህ ለኤሌክትሪሺያኑ ይተውለት። እኔ እንዲለካ የጠየቅኩት መምህሩ አብሮት እንደሚሆን ካረጋገጠልኝ በኋላ ነው።

ይህ ስሌት የማይሠራበት ቦታም አለ። ቮልቴጅን በከረንት ማባዛት ትክክለኛውን ዋት የሚሰጠው ለሚያሞቁ ዕቃዎች ነው። ፓምፕ በ220 ቮልት 2.2 አምፔር ቢስብ ብዜቱ 484 ነው፤ የሚበላው ዋት ግን ከዚያ ያንሳል። የፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከብዜቱ ውስጥ እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ፣ 0.7 ከሆነ 339 ዋት ብቻ ነው። የሞተር ጥቅልል ላይ ኦም ለክቶ ከዚያ ዋቱን ማስላትም አይቻልም። ሞተሩ ሲዞር ከረንቱን የሚገድበው ሌላ ነገር አለ። ሌላው ገደብ፣ ምጣዱ ሳይሰካም ብሬከሩ ጋ የምታገኙት ቮልቴጅ ራሱ ዝቅ ያለ፣ ለምሳሌ 185፣ ቢሆን ኖሮ የቤቱን መስመር ማደስ እንጀራውን አያስተካክለውም ነበር። ያን ጊዜ መፍትሔው ለመብራት አገልግሎቱ ማመልከትና እስኪስተካከል ሰው ሁሉ የማይጋግርበትን ሰዓት መምረጥ ነው። የእናንተ ግን 216 ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ደህና ነው።

ምጣዱ በመስመሩ እድሳት ሰበብ ሲነሳ አንድ ነገር ያስፈትሹ። ሸክላ እርጥበት ይይዛል፤ በማሰሻ እያሰሱ የብረት ጠርዙን ሲነኩ ነዘር ካደረግዎት ከረንት ወደ አካሉ እየወጣ ነው። ነዘር የሚያደርግ ምጣድ በግራውንድ ሳይታሰር አይሠራበት። «ጫማ አድርጌ እጋግራለሁ» መፍትሔ አይደለም።

አዲሱ መስመር ሲያልቅ ልጅዎ ያንኑ ልኬት ይድገመው። ሳይሰካ 216 ካለ፣ ሲሠራ ሶኬቱ ላይ ወደ 207 ቮልት፣ በክላምፑ ላይ ከ15 እስከ 15.5 አምፔር ማየት አለበት። ብዜቱ ወደ 3190 ዋት ነው፤ ከአሁኑ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይበልጣል። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ ከ3 ቮልት ብዙም የማይበልጥ መቅረት አለበት። 10 ቮልት ካየ አንድ ብሎን አልጠበቀም ማለት ነው፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ሳይቀበል ተመልሶ ያጥብቀው።